ማጅራት

ዝናብ አባሮኝ ነው ሥዕል ቤት የገባሁት፣
ኬምፔር፣ ብሬታኝ ውስጥ፣ ካፖርቴ ረጥቦ።
አንድ ሸራ አስቆመኝ፤
የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ዙሪያውን ከቦ።

ሶአዚግ በርጩማ ላይ አንገቷን ደፍታለች፤
እናት ልጇን ሳይሆን ጨርቁን ታያለች፣
ሦስት ክንድ አበባ ቺት፣ ደግማ ትለካለች።
ገዢው መቀሱን ስሎ ከኋላ ቆሟል፤
ማጅራት መቺ አትሉት፣ ሂሳቡን ከፍሏል።

እሁድ ቅዳሴ ላይ ማን ያውቃል መላጨቷን፣
ነጩ ቆብ ሸፍኖ የገበያ ጉዷን?
ጸጉሯ ግን ቀደማት፤ ፓሪስ ገባ ብቻውን፣
በማታውቃት ሴት ራስ ቲያትር አየ ማታ ማታውን።

ሠዓሊው ፊቷን ሳይስል ጥሎት አልፏል፤
አንድ ጠብታ ነጭ ማጅራቷ ላይ አርፏል።

ዝናቡ አባርቷል። ኮሌታዬን አቁሜ ስወጣ፣
ከኋላ፣ ከማጅራቴ፣
የመቀስ ብርድ መጣ።