የኋላ ማርሽ

በሩ ላይ «ወባ» ይላል፣ ቀሪው ፊደል ረግፎ፤
ጎማ የለው፣ መብራት የለው፣ በድንጋይ ተደግፎ።
ከቢሮው ግቢ ተጫረትኩ፣ ላንድሮቨሩ ሲወጣ፤
በአንድ ፊርማ ሄደ የሁለት ዓመት የዕቁብ ዕጣ።

ዘሙ ዞራ ዞራ አየችው፤ ቃል አልወጣት ለነገር፤
ማታ ዶሮዋን አስገብታ አሳደረች በሹፌሩ ወንበር።

እኔ ካርታ ነው የማውቅ፤ ካርቡሬተር መች ፈትቼ!
ብሎኑን በየጣሳው፣ በጠመኔ ስም ሰጥቼ
ሦስት ቀን ፈታሁ።
በአራተኛው ዝናብ መጣ፤
ጠመኔው ታጠበ። የትኛው ከየት እንደወጣ
አላህ ይወቀው።

ጆንያ ሙሉ ጣሳ ይዤ ሮቢት፣ ጋሽ ይማም ጋር ሄድኩና፣
ሳቀ፤ «ቲቸር ወደቀ፣ ራሱ ባወጣው ፈተና!»
ብሎኑን በጥቁር ጣቱ አንድ ባንድ ቃኘ፣ ነጠለ፤
«ይሄ የፍሬን፣ ይሄ የዲናሞ፣ ይሄ... የአልጋ ነው» አለ።

ኩሽኔታ ከኮምቦልቻ፣ ያገለገለ፣ በክርክር ዋጋ፤
ጎማው ሁለት ዓይነት፤ የፍሬን ሸራ በዱቤ፤
ባትሪ ከጎረቤት፣ እስኪነጋ።

ሚያዝያ ላይ፣ እሑድ፣ ቁልፉን ሳዞር አስነጠሰ፤
ጭሱ ገመድ ላይ ከተሰጣው ከዘሙ ነጠላ ደረሰ።
አንደኛ ማርሽ እምቢ። ሁለተኛም። የኋላው ብቻ ገባ።
እንግዲህ በኋላው ወጣሁ፤
ዶሮዋ ከጎኔ፣
በሩ ላይ «ወባ»፣
የሆጤ ልጆች ከፊቴ፣ ማለቴ ከኋላዬ፣ እየጮሁ ሲሸሹኝ፣
ጦሳ በፊት መስታወት ቀስ እያለ ሲርቀኝ፣
ዘሙ በር ላይ ቆማ ሳቀችልኝ፤
ወይም ሳቀችብኝ።