የተረፈው ብሎን

ገጣሚው ይሉኛል የጠባሴ ልጆች፣
«ስንኝ በል» ብለውኛል ሰርግ ላይ እንግዶች።
እኔ የምገጥመው የሶፋ አካል ነው፣
ጎኑን ከማዕዘኑ በብሎን የማስረው።
ካቻቢቴ፣ መፍቻ፣ ሮንዴላና ዳዶ፣
በሸራ ቦርሳዬ ብረቱ በርዶ።

ሰኞ ጠዋት ነበር፣ የኅዳር ውርጭ ወርዶ፣
ከእትዬ የሺመቤት ኮንዶሚኒየም ቤት
አራተኛ ፎቅ ላይ ኤል ሼፕ ስንጎትት፣
እኔና ረዳቴ፣ ስንሻው የሚሉት።
ደረጃው ጠበበን፣ በሩ አላሳልፍ አለ፣
«አዙረው!» «ወደ ግራ!» «እጄን!» እየተባለ፤
እግሩን ነቅለን በጎን ስናስተኛው፣ እሺ አለ።

ሦስት ቁራጭ ነው፤ የሁለት ሰው ጎን፣
የሦስት ሰው ጎን፣ መሃል ላይ ማዕዘን።
አጥንቱ ባሕር ዛፍ፣ ልብሱ ቡላ ከፋይ፤
ባሕር ዛፍነቱን የሚያየው የለም፣ ከሥር ተኝቶ ካላየ በቀር እንደኔው ከታች ወደ ላይ።

እትዬ የሺመቤት ቆመው ያያሉ፣
የስልካቸውን መብራት «ይታይሃል?» እያሉ።
በዕቁብ ነው የገዙት፣ ሁለት ዓመት ጥለው፣
ዕጣው ግን የወጣው መጨረሻ ላይ ነው።
«ይሄ ነገር ልጄ፣ ይላቀቃል እንዴ
ሰው ቢገፋፋበት፣ ቢቆጣ አንዳንዴ?»
«በደንብ ከታሰረ ንቅንቅ አይልም» አልኩ፤
«ከፈለጉ ደግሞ ለሁለት ክፍል ይሆናል፣ ተለያይቶም መልኩ...»
«የለም!» አሉኝ ቶሎ። «ለሁለት መሆኑስ ይብቃን፣ እሰርልኝ በልኩ።»

ቀስ እያሉ ነገሩኝ፣ ሻዩን እያቀረቡ።
ሁለት ልጆች አሏቸው፤ በአባት ባሕር ዛፍ ተጣልተው የቀሩ፣
ደምሰው መሐል ሜዳ፣ ተገኔ ደብረ ሲና፣
አንዱ ሲመጣ አንዱ የሚቀር ገና።
ዛፉ ተቆረጠ፣ ተሸጠ፣ ሄደ፤
ወዴት እንደሄደ የጠየቀ የለም።
እኔም ከሥር ተኝቼ ያየሁትን እንጨት አላነሳሁም።

ማታ ሱሪዬን ሳወልቅ ከኪሴ ዱብ አለ
አንድ ብሎን። መሬቱን መትቶ ተንከባለለ።
«የፋብሪካ ትርፍ ይሆናል፣ ተኛ» አለች ሚስቴ።
ትርፍ የሚባል ብሎን የለም በዚህ ሕይወቴ።
ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲመታ ሲያንኳኳ፣
አልጋው ላይ ቆጠርኩ፦ የማዕዘኑ ስድስት፣ የጀርባው ስምንት፤
አንዱ ጠፋ ለካ።

ጠዋት በሩን ስመታ ሰዎች ነበሩበት።
ትልቁ በዚያኛው ጫፍ፣ ታናሹ በዚህ ጫፍ፣
በመካከላቸው ማዕዘኑ ባዶ ሆኖ፣
የፕላስቲክ ሽፋኑ እንኳ ሳይገፈፍ።
ሰላም ብዬ ገባሁ፣ በሆዴ ተሳብኩ።
ከሶፋው ሥር ሆኜ ጫማቸውን አየሁ፦
የአንዱ ጭቃ የያዘ፣ የጓሳ ሣር ያረፈበት፣
የአንዱ የተወለወለ፣ ማሰሪያው የተፈታበት።

ብሎኑን ሰደድኩት። ቀዳዳ ከቀዳዳ
አልገናኝ አለ፤ የጣት ያህል ጎዳ።
ሥራው የሚፈልገው ክብደት ነው፣ አውቃለሁ።
«አንድ ሰው ማዕዘኑ ላይ ይጫንልኝ» አልኩ።

ዝምታ።
ከዚያ የጭቃው ጫማ ተነሣ።
ከዚያ የተወለወለው ተነሣ።
ማን ይቀመጥ ብለው እንደሁ፣ ወይ እኩል አስበው፣
አላውቅም፤ ከሥር ያለ ሰው ፊት አያይም።
ከላዬ ስፖንጁ አንዴ ተነፈሰ፣
ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተነፈሰ።

ቀዳዳውም ገጠመ። ብሎኑ ገባ።
አንድ ዙር። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ጠበቀ።
«ደረሰ?» አለ ከላይ አንዱ ድምፅ።
መፍቻውን በባዶ አየር እያዞርኩ፣
«ገና ነው» አልኩት፣ «ገና፣
እንዳትነሡ።»