የጉጉፍቱ መዝገብ

ከደሴ ወረኢሉ በሚያወጣው መንገድ፣
ጉጉፍቱ አናት ላይ፣ ዛፍ በማይለምድ፣
አባቴ አሊጋዝ ሣጥን ነበረው፣
ነጭ፣ ባለ አራት እግር፣ ነፋስ የሚያልፈው።
ጎሕ ሲቀድ ይከፍታል፤ መስተዋት ያነባል፤
ቁጥሩን ለኮምቦልቻ በራዲዮ ይመታል።

ሃምሳ ሊገባ ሲል፣ አንድ የሰኔ ማታ፣
ከኮምቦልቻ ጀርባ ሌላ ጣት ሲመታ፣
ቋንቋው አልገባውም፤ ቁጥሩ ግን ገባው፤
አምስት አምስት ተቧድኖ ነው ብርድ የሚወራው።
ነፋሱን ፈታ፤ ደመናውን ፈታ፤
ሙቀቱ ላይ ሲደርስ እርሳሱ አመነታ፦
ከዜሮ በታች አርባ።
«ተሳስቷል» አለ። በማግስቱ አርባ ሁለት።
ከመዝገቡ ኅዳግ፣ ከጉጉፍቱ ጎን፣
በቀይ እርሳስ ጻፈው የማያውቀውን።

ጎረቤቱ እንድሪስ፣ ገብሱን ውርጭ የበላው፣
«ከኛ የባሰ አለ?» ብሎ ቢጠይቀው፣
«አለ።»
«ገብስ ያበቅላል?»
«የለም።»
«ከብትስ?»
«የለም።»
«ታዲያ ምን ቆርጧቸው ሄዱ?»
«ብርዱን ሊለኩ።»
«ወይ ጉድ! እዚህ በነጻ ሞልቶ!
አብሽሩ በላቸው ባክህ፣ የሚሰሙህ ከሆነ።»

አይሰሙም ነበር። የአባቴ መሣሪያ
ከኮምቦልቻ አያልፍም።

ሃምሳ ሁለት ላይ ጣቱ ተለወጠ፤
ፈጣኑ ሄደና ዘገምተኛ ተቀመጠ።
ሃምሳ ሦስት ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ዝም አለ፤
አባቴ ባዶውን ለየቀኑ ሣለ።
በአሥረኛው ሲመለስ ሙቀት ብቻ ነገረ፤
ነፋሱን አልቆጠረም። ለኪው ተሰበረ?
ወይስ ወጥቶ የሚያነበው ሰው ቀረ?
ማን እንደ ሠራው፣ የማን እንደ ሆነ ባንዲራው፣
ስንት ውሻ፣ ስንት ሰው እንደ ነበረው፣
አላውቅም። ቁጥር ስም አይጠራም።

በሃምሳ ሰባት ጥር ቁጥሩ ራሱ ቀረ፤
ጣቱ በፊደል አንድ ነገር ተናገረ።
አባቴ ሳይገባው፣ እንደ ረገፈ ሽምብራ፣
አንድ በአንድ ለቀመው፦ ሃያ አምስት ፊደል፣
በልማዱ አምስት አምስት አድርጎ ደረደረው።
ከዚያ በኋላ ኅዳጉ ነጭ ነው።

እሱ ካለፈ ወዲህ፣ ደሴ ላይ፣ አንድ መምህር
መነጽሩን ጠርጎ አነበበልኝ፦
«ምድጃው ጠፍቷል። በሩ አልተቆለፈም።»

የጉጉፍቱም ጣቢያ ተዘግቷል። ሣጥኑን
ማገዶ ያጣ ወሰደው፤ ሦስት እግሩ ቀርቷል።
ባለፈው ኅዳር ወጣሁ፣ መዝገቡን በነጠላዬ ጠቅልዬ።
ገብሱ ላይ ውርጩ እንደ ጨው ነጥቷል።
መለኪያ የለኝም። እጄን ዘረጋሁና
ጣቴ እስኪደነዝዝ ቆጠርኩ፦
መቶ አሥራ አራት።

በቀይ ጻፍኩት፣ ኅዳጉ ላይ፣ በነሱ በኩል።