የአንድ ዐይን ዕዳ

እኔ ያኔ ቀለም ፈጪ ነበርሁ፣ የአለቃ ተጠምቀ ደቀ መዝሙር፤
ጣቴ እስከ አንጓው ሰማያዊ፣ ጥፍሬ ውስጥ ቀይ አፈር።
ዘጌ ወደብ ላይ አየነው፣ ከታንኳ ሲወርድ በዝግታ፤
ጫማው በአንድ እጁ፣ ሌላው እጁ ለሰላምታ።
አስተርጓሚው ቀድሞ አወጀ፦ «አምባሳደር ናቸው፤ በአገራቸው
ሰባት ከተማ በማለዳ የሚገልጠው ጋዜጣ የሳቸው።»
አለቃ ግን ቀና አላሉም፤ የጀመሩት ክንፍ ይደርቃል፤
«ጣራችን ያፈስሳል» አሉ፣ «ጋዜጣው ዝናብ ይመልሳል?»

ሰውየው ሳቀ። ከዚያ ዝም ብሎ ዞረው ሙሉ ግድግዳውን፣
ዝናብ የላጠውን መልአክ፣ ምስጥ የጨረሰውን በሩን፤
ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ከቀትር እስከ ሠርክ ቆየ።
እንግዳ ብዙ መጥቶ ነበር፤ እሱ ግን፣ እውነት ነው፣ አየ።

በወሩ ቆርቆሮ መጣ፣ ሚስማር፣ ሸራ፣ የጣሳ ቀለም፤
አለቃ ቆርቆሮውን መረቁ፤ ቀለሙን ግን «ሽታው አይጥመኝም።»
ለኔም ስድስት ብር በየወሩ። አልክድም፤ በልቻለሁ፤
እናቴ ያልቻለችውን ስሙን ዛሬም በትክክል እጠራለሁ፦
ሎውረንስ ሃላዌይ።

ወግ ነው፤ ያሠራ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ይሣላል፤
ከእመቤታችን እግር ሥር፣ ጣት አክሎ፣ ተደፍቶ ይታያል።
ሌላም ወግ አለ፦ ጻድቅ ሁለት ዐይን አለው፣
ፊቱን ገልጦ ያየናል፤ ኃጥእ ግን በጎኑ ነው፤
አንድ ዐይን፣ አንድ ጉንጭ፣ ግማሽ አፍ፤ ቀሪውን ፈጣሪ ይየው።

አለቃ ብሩሹን አንሥተው ሦስት ቀን ሙሉ ተቸገሩ።
«መጽዋች ነው» አሉ፤ ደግሞ «ባለጠጋ ነው» ብለው ተጠራጠሩ።
«በዚያ ጋዜጣ የስንቱን ስም አቆሽሾ ይሆን?
ወይስ የስንቱን አጠበ? ማን ይመሰክርልን?»
አንዱን ዐይን ሣሉና ቆሙ። «ሁለተኛውን ሲመለስ፤
ፊት ለፊት አስቀምጬ ልየው፤ ያኔ እጄ ወደዚያ ይድረስ።»

አልተመለሰም።
ሌላ አገር ሾሙት አሉ፤ አብዮት መጣ፤ ደብዳቤ ቆመ፤
አለቃም በክረምት ሞቱ፤ የቀለም ድንጋያቸው ከኔ ዘንድ ከረመ።

ሞቱን የሰማሁት ባሕር ዳር ነው፣ ሩብ ኪሎ ሚስማር ስገዛ፤
መጠቅለያው የፈረንጅ ጋዜጣ፤ ያ ፊት ከላዩ፣ ያ ለዛ።
መምህር ዘለቀ አነበበልኝ፦ ሙዚየም ሰጠ፣ ትያትር ቤት ሠራ፤
ዐርባ ሠዓሊ በሱ ኖረ። ስለኛ ጣራ ወረቀቱ አንዲት ቃል አላወራ።
ደግሞ፣ አለ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአንድ ማለዳ
ሦስት መቶ አታሚ አሰናብቷል፤ ደጁ ላይ ቆመው እንደ ባዳ።

ትናንት መቅደሱ ሲከፈት ገብቼ ከግርጌው ተንበረከክሁ፤
በአለቃ ድንጋይ ላይ ጥቁሩን በሐይቅ ውሃ በጠበጥሁ።
ውጭ ይዘንባል። ቆርቆሮው እንደ ማተሚያ ይንጣጣል፤
አንዲት ጠብታ አልገባችም። ያ አንድ ዐይን ያየኛል።
እጄ ወደ ባዶው ነጭ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ።

ሁለተኛውን ዐይን ሣልሁለት፤
ግን የተጨፈነ።
እንቅልፍ ማንንም ከየት መጣህ አይልም።
ከዚያ ወርጄ ብሩሼን ሐይቁ ውስጥ አጠብሁ፤
ጥቁሩ ትንሽ ተንሳፎ ቆየ።