የመኝታ ቦታ

ማክሰኞ ነው፣ ሉብሊን፣ ካፊያው ከምሥራቅ ሲመጣ፣
ወይዘሮ ኢርሚና ገቡ፤ ላፕቶፑን ጠቅልለው በፎጣ፣
በሁለት ጎማ የገበያ ጋሪ፣ ከጎመን በላይ ጭነው።
«ይህ ዕቃ ዋሽቶኛል» አሉኝ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው።

«ሰማንያ አራት የአትክልት ቦታ አለን፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፤
የማን ውኃ ስንት ቆጠረ፣ የማን አጥር ወደቀ ተንዶ፣
ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ሠንጠረዡን ስከፍት ማሽኑ ያንቀላፋል፤
ሻዬን አፍልቼ ጠጥቼ፣ ሁለተኛው ረድፍ ገና ይጻፋል።
የእህቴ ልጅ ቲሞን መጥቶ፣ ‹አክስቴ፣ ሜሞሪ ነው ያነሰው›
አለና ስምንቱን ጊጋ ነቅሎ ሠላሳ ሁለቱን አነገሠው።
በረረ! እውነቴን ነው፣ በረረ፤ ሁሉም በቅጽበት ተከፈተ።
በማግስቱ ግን ቀይ መስመር፤ ‹ዲስክዎ ሊሞላ ነው!› ቦታዬ የት ሸፈተ?
ማስታወሻ ጨምሬ ቦታ አጣሁ፤ ይኼ የምን ሒሳብ ነው?
የቆጡን ላወርድ ብዬ የብብቴን የጣልኩት ምነው?»

«ምን አጠፉ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን ጠረጉ፣
የሹራባቸውን አንድ ቁልፍ ፈትተው፣ መልሰው አደረጉ።
«ፕሪሟን፣» አሉ ቀስ ብለው፤ «ደጃፌ ያለችውን ዛፍ፤
ዘጠኝ ዓመት በየሚያዝያው ያነሳኋትን፣ ከሥር እስከ ጫፍ።
ከዚያ የወንድሜን ሠርግ። እሱስ ግድ የለም፤ ተፋትተዋል።
ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁት። ጠዋት ስነሳ፣ ያው ቀይ፤ ሞልቷል።»

ፎቶ አይደለም ቤቱን የሞላው፤ ፎቶ ስንት ነው? ፍርፋሪ።
የተደበቀውን አሳይ አልኩት፤ ወጣ ከጓዳው ያ ነዋሪ፤
ስሙ ረጅም፣ ፊቱ ጭምት፣ የማይከፈት፣ የማይነካ፣
ሃያ አራት ጊጋ አንጥፎ ተጋድሟል ለካ!
ጎኑ ላይ ደግሞ ወንድሙ፣ የሜሞሪው ትርፍ ማፍሰሻ፣
እሱ ባደገ ቁጥር የሚያድግ፣ የማያውቅ መጨረሻ።

«ይኸውልዎት፣» አልኳቸው፤ «ማሽኑ ክዳኑ ተከድኖ ሲያንቀላፋ፣
በጭንቅላቱ የያዘው ሁሉ መብራት ሲሄድ እንዳይጠፋ፣
ዲስኩ ላይ ይጽፈዋል። ለዚያም አልጋ ያነጥፋል ቀድሞ፣
በሚያስታውሰው ልክ፤ ይተኛበት አይተኛበት ደግሞ።
ራሱ አራት እጥፍ ሲያድግ አልጋውም አደገ፤ ቤቱ ግን አልተቀጠለም።
ቲሞንም አልዋሸ፣ ዕቃውም ሌባ አይደለም።»

ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። አንዲት መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ፣
መጨረሻዋ «አጥፋ» የሚል።
ከመጫኔ በፊት እጄን ያዙ።

«ከዚያስ፣ አይተኛም?»
«ይዘጋል እንጂ አይተኛም።»
«በጭራሽ?»
«በጭራሽ።»

ካፊያው መስኮቱን ሲቧጥጥ ጥቂት አዳመጡ።

«ከአትክልቴ ጥግ የቅጠል ክምር አለ፤ በጥቅምት አላቃጥለውም።
ጃርት ትገባበታለች፣ ጡጫ የምታህል፤ እስከ መጋቢት ማንም አይጠጋውም።
ጎረቤቴ ሌሼክ፣ ‹ቦታ ፈጀ፣ ጥረጊው፣ ድንች ይወጣዋል› ይላል።
ልክ ነው፣ ይወጣዋል። ድንች ግን ሌላም ቦታ ይበቅላል።»

ስለዚህ አላጠፋሁም፤ አሳነስኩ።
አልጋውን ከሦስት እጁ አንዱን አጠፍኩ፤ ወንድሙንም በአጥር ከለልኩ።
ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ሠላሳ ስድስት ጊጋ ተመለሰ፤
ከዘጠኙ ሚያዝያ ግን፣ እስከ ምሳ ሰዓት ፈልጌ፣ አንዱ ብቻ ደረሰ፣
እሱም እኩሌታው፤ ከላይ ነጭ አበባ፣ ከታች አመድ።

ረጅም አዩት። «ዛፏስ አለች፣» አሉና ፎጣውን ጠቀለሉ፤
አንድ ጎመን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው በካፊያው ተከለሉ።

ማታ ሱቁን ስዘጋ ነው ትዝ ያለኝ፤
ሒሳብ አልጠየቅኳቸውም።