ያረፈደው ዳክዬ

ከድልድዩ ራስ ላይ፣ ከከረጢት አፍ፣
ሺህ የላስቲክ ዳክዬ ወረደ ወንዙን ሊቀዝፍ፤
አንዱ ባንድ ፓውንድ፣ ቁጥሩ ከሆዱ ሥር፣
ላዛውንት አውቶብስ ሊገዛ ማኅበር።

የዌልስ ዝናብ መቼም ፈቃድ አይጠይቅ፤
ቋሊማ ጠባሹ ጃንጥላው ሥር ሲስቅ፣
ኢድዋል ገንዘብ ያዡ፣ መነጽሩ ጤዛ፣
ሳንቲም ይቆልላል ባሮጌ ጠረጴዛ።
ደምሮ፣ ቀንሶ፣ እንደገና ደምሮ፣
«ለጎማው ደርሰናል» ይላል አንገቱን ሰብሮ።

ሕግ አለን የቆየ፣ ቀልድ እንጂ ያለቁጣ፦
ስብሰባ አርፍዶ የመጣ ሃምሳ ፔንስ ይቀጣ።
ኤሉነድ በሰዓቱ መጥታም ትከፍላለች፤
«የጉዊሊም ነው፣ ዛሬም አርፍዷል» ትላለች።
ባሏ ከተቀበረ ሦስት ክረምት አለፈ፣
ስሙን ከመዝገቡ አንድም እጅ አልገደፈ።

ከታችኛው ድልድይ፣ መረብ ተዘርግቶ፣
የዳቦ ጋጋሪው ዳክዬ ቀደመ፣ በጀርባው ተኝቶ!
ሳቅን፣ አጨበጨብን።
ከዚያ እስከ ጉልበታችን ገብተን
ለቀምን፣ ቆጠርን፤
ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ።

የጎደለው ሦስት መቶ አሥራ አራት ነበር፤
ቲኬቱን የቆረጠችው ኤሉነድ፣
የተጻፈበት ስም ጉዊሊም።

ማንም አልተነፈሰ።
ወንዙ እዚያ ጋ ታጥፎ ባሕር ይገባል፤
ዓይናችን ሁሉ ወደዚያው ፈሰሰ።

ኤሉነድ ቦርሳዋን ከፈተች፤
«መቼ በሰዓቱ ደርሶ ያውቃል?» አለች።
ሃምሳ ፔንሷ ጠረጴዛው ላይ
ቃጭል አለች።

ኢድዋል ሳንቲሟን ከክምሩ ጨመረ፤
መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣
እንደገና ከአንድ ጀመረ።