እንዳለ

የኦሃዮ ወንዝ ሲሞላ አያንኳኳም በር፤
በወለሉ ስንጥቅ፣ በፍሳሽ ቱቦ ሥር፣
ሽቅብ ይመጣል እንጂ፣ እንደ ቤተኛ ሰው፤
ምድር ቤቱን ነበር አስቀድሞ እሚያርሰው።

አባቴ ኤሚል ግን፣ የጀልባ መካኒክ፣
ውሃው በጎደለ ማግስት ይወስዳል ልክ።
ከጆሮው ላይ አውርዶ ጠፍጣፋውን እርሳስ
አንድ መስመር ይስባል፣ ከጥግ እስከ ጥግ ድረስ።
ዓመቱን ከጎኑ፣ ወሩንም ይጽፋል፤
«እንግዳችን ፈረመ» ይልና ያልፋል።

እሱ ካረፈ ወዲህ ሁለት ክረምት ሆነ።
ጣራው በሰማያዊ ሸራ ተከደነ፤
የወጥ ቤቱ ወለል ወደ ጓሮ ዘነበለ፣
ብርቱካን ቢወድቅበት በሩ ጋ ነው ያለ።
የመታጠቢያ ቤቱ በር በበጋ አይዘጋም፣
በክረምት አይከፈት፤ መላ ብንል መላም
አልተገኘለትም።
ባንኩ «ለእንዲህ ያለው አላበድርም» አለ።
አሻሻጩ መጣ፤ መታ መታ አርጎ ግንቡን
«መጀመሪያ አድሱት» ብሎ ዘጋ መኪናውን።

በስልኩ ምሰሶ ላይ፣ በምስማር ተሰቅሎ፣
ዝናብ ያዥጎረጎረው ካርቶን ተንጠልጥሎ፦
«ቤት እንገዛለን። በጥሬ ብር። እንዳለ።»
ደወልኩ።

እህቴ ኮርኔልያ ነጭ ቀለም ገዛች፤
«ሌሊቱን ብንቀባው ማን ያያል?» እያለች
ምድር ቤት ወረደች፣ ብሩሽ አዘጋጀች።
«ተይው» አልኳት እኔ። «እንዳለ ነው ውሉ፤
መዋሸት አይጠቅምም፣ ገብቷል ነውሩ ሁሉ።»
«ለእውነት» አለች፣ የባልዲውን እጀታ እንደያዘች፣
«ስንት ይከፈላል?»
አላወቅሁም። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት።

ገዢው ላማር ይባላል፤ ልጅ እግር ነው ገና፤
ባትሪውን አብርቶ ደረጃውን ወረደና
ግድግዳው ዘንድ ቆመ። ጣቱን አስከትሎ
መስመሮቹን አነበበ፣ ራሱን አዘንብሎ፦
«ሰባ ስድስት፣ የካቲት፤ ቁርጭምጭሚት ያህላል።
ሰማንያ አራት፣ መጋቢት፤ ጉልበት ይደርሳል።
ዘጠና ሦስት...» አንዱን በአንዱ ላይ ሲደርብ፣
በየመስመሩ አንድ ሺህ ቀነሰ ከገንዘብ፤
የአባቴ ማስታወሻ ሆነ የዕዳ መዝገብ።

ከዚያ ብርሃኑ ወጣ። ከትከሻችን በላይ፣
ከራሳችን በላይ፣ ወራጁ እንጨት ሥር፣
አንዲት መስመር አለች፣ ብቻዋን እዚያ ላይ፤
እጅ የተንቀጠቀጠባት፤ ከጥግ ያልደረሰች።
«ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት። ነሐሴ።»
ላማር አፏጨ። «ውሃው እዚህ ደርሷል?»

በዚያ ነሐሴ ወንዙ ደርቆ አጥንቱ ወጥቶ ነበር።
ጀልባዎች ጭቃው ላይ ጎናቸውን ሰጥተው ተኝተዋል፤
አባቴ ሥራ ፈትቶ አልጋ ሥር ተቀምጧል።
በዚያ ነሐሴ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣
እናቴ ማቲልድ ከላይ ባለው ክፍል አረፈች።
ማታውን ወደ ምድር ቤት ሲወርድ፣
ወንበር ሲጎትት ሰምተናል፤
ምን እንደሚሠራ አልጠየቅነውም።
እንዲህ ያለ ሰው ሲቸክል፣ ሲመታ ነው የሚያድር፤
ሐዘን አናውቅበትም፣ ጥገና ነው የምናውቀው።

ኮርኔልያ አየችኝ። አየኋት።
«አዎ» አልኩት። «እዚህ ድረስ ደርሷል።»
ላማር ጻፈው። ለከፍታዋ ሲል
ሦስት ሺህ ቀነሰላት።
እህቴ አፏን በመዳፏ ይዛ ወደ ላይ ወጣች፤
ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር፣ ከደረጃው ሥር አይለይም።

ሃያ አንድ ሺህ ዶላር። ብሩን በፖስታ አመጣ፤
ቆጠርኩት፣ ደግሜም ቆጠርኩት፤ ስሕተት ታጣ።
ወረቀቱ ላይ «እንዳለ» ሦስት ቦታ ተጽፏል፤
«ታውቃላችሁ አይደል ትርጉሙን?» ብሎናል።
እናውቃለን አልነው።

አባባ ምን ነበር ያለው፣ ውሃው በጎደለ ቁጥር?
እንግዳው ፈረመ።
እኛም ከሥሩ ፈረምን፣ አንዱ ከአንዱ በታች፤
ቤቱን ሸጥን፣ እንዳለ።

ባልዲው ደረጃው ሥር ቀርቷል፣ ክዳኑ እንደተገጠመ።
ጥሩ ቀለም ነው። ሰኞ ይቀባው ይሆናል።